አቶ መሸሻ የሰጡሽ ነጥብ

ለእህቴ ለሜቲ ጉዲሳ፦

እንዴት ነሽ ሜቲዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ራስ ምታቱ ለቀቀሽ ወይ? አንገትሽስ፣ እንደ ልብሽ ይዞራል? ብርድ እንደማትችዪ አውቃለሁ፤ ያለሽበት ቦታ ይሞቃል ወይ? ቁርስ ሳትቀምሺ ስትወጪ «ቆይ፣ ተመለሺ» የሚልሽ ሰው አግኝተሻል? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ቅንድብሽን እንደምታነሺ ስለማውቅ ላስተካክለው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት እነሳለሁ። መቀመጥ ብቻ ነው ያቃተኝ። እዚህ መስመር እስክደርስ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ እስከ ውጭው በር ሄጄ ተመልሻለሁ።

ዛሬ ከሄድሽ ሠላሳ ቀን ሆነ። ይህን ደብዳቤ የሚቀበለኝ ፖስታ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ። የምጽፈው ከአንቺ በቀር ለማንም ብነግረው የማይገባው ወሬ ስለያዝኩ ነው። ወሬው አቶ መሸሻ የሒሳብ ቢሮ ስለነበረሽ የሥራ ልምምድ፣ ስለ ኢንተርንሺፕሽ ነው። ሁለት ወር ሊሞላሽ ስምንት ቀን ሲቀረው ጥለሽው የሄድሽው ኢንተርንሺፕ ያለ አንቺ አላለቀም ነበር፤ እኔ ነኝ ያስጨረስኩት። እንዴት እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። አባዬ ከቀብርሽ በኋላ ጎሚስታውን ሁለት ሳምንት ዘጋ። ዓለም ባንክ ያሉ ባለታክሲዎች ጎማቸው ሲተነፍስ ቤት ድረስ እየመጡ ለቅሶ ይደርሱና፣ ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው «መቼ ይከፈት ይሆን?» ብለው እኔን በጆሮዬ ይጠይቁኛል። አባዬ የሚያለቅሰው በኦሮምኛ ብቻ ነው። በአማርኛ ሲያወራ ደህና ሰው ይመስላል። እማዬ ብዙ አታወራም፤ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሲመጡ አብራቸው ትዘምራለች፣ ሲሄዱ ዕቃ ታጥባለች፣ የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች። ታናሻችን ኢሊሊ ደግሞ «ሜቲ ኢንተርኗን መቼ ነው የምትጨርሰው?» እያለች ትጠይቃለች። ስድስት ዓመቷ ስለሆነ አንመታትም፣ አንመልስላትም።

አክስታችን ጉዲቱ ከሆለታ መጥታ ከእኛ ጋር ከረመች። «ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም» ብላ ከቤቱ ሰው ሁሉ መርጣ እኔን ያዘች። ሽንት ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆማ ትስላለች። ሱቅ ስላክ ነጠላዋን አንስታ ትከተለኛለች። «አክስቴ፣ ዳቦ ልገዛ እኮ ነው» ስላት «እኔም ዳቦ አይቼ አላውቅም፣ ላየው» አለችኝ። ሳልናገር ቤቴል ድረስ በእግሬ ሄጄ የተመለስኩ ቀን ከኋላዬ እያለከለከች ደርሳ «እግርህ ነው ያዘነው ወይስ አንተ?» አለችኝ።

ከድንኳኑ እየተነሳሁ የምሄደው ሰው ስለ አንቺ የሚያወራውን መስማት ስላልቻልኩ ነበር። የመጣው ሁሉ «መልአክ ነበረች» ይላል። የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ መልአክ አሉሽ። እሳቸው በሕይወት ሳለሽ «ያቺ የጉዲሳ ልጅ ሰላምታ ይከብዳታል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መልአክ ባሉሽ ቁጥር አንቺ የምታውቂው የኔ ጥፋት ትዝ ይለኛል። ሁሉም የማያውቁትን አንድ ፌስታል እኔና አንቺ እናውቀዋለን።

የቢሮሽ ደንበኛ የሆነውን የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ፌስታል ነው የምልሽ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጉንፋን ይዞሽ፣ ሰኞ ማለቅ ያለበት ሥራ ስለነበር ነጋዴው ያመጣውን የደረሰኝ ክምር በፌስታል አንጠልጥለሽ ቤት ይዘሽ መጣሽ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ሁሉ ተደባልቆ ነበር። በየወሩ መለየት ነበረበት። አንቺ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ ስትንቀጠቀጪ «ተኚ፣ ይሄ እኮ ካርታ መለየት ነው» ብዬ እሑድን ሙሉ እኔ ለየሁት። እንዴት እንዳበላሸሁት ግን አንድም ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እጄ የገቡት ከማሽን የወጡት ደረሰኞች ነበሩ። እነሱ ላይ ቀኑ በፈረንጅ ነው፤ መሃሉ ላይ ሦስት ካለ መጋቢት አካባቢ ነው ብለሽ ነግረሽኛል። እኔም ከደብተሬ ወረቀት ገንጥዬ «መጋቢት» ብዬ ጻፍኩና መጠቅለያ አደረግሁት። ከዚያ በእጅ የተጻፉት መጡ። መሃላቸው ላይ ሦስት ያለውን ሁሉ እዚያው ጨመርኩት። ባለሱቅ በእጁ ሲጽፍ የሚጽፈው በኛ አቆጣጠር እንደሆነ፣ ሦስተኛው ወርም ኅዳር እንደሆነ እንደኔ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ እንዴት ይስተዋል? ስቼዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ዝቅ ብዬ አላየሁም። የኅዳር ሲሚንቶ መጋቢት ገባ፣ የጥር ቧንቧ ግንቦት ልሁን አለ። ግንቦት ገና አልደረሰም ነበር። ይህ እንኳ አላስደነገጠኝም።

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለሺ ጫማሽን እያወለቅሽ «አቶ መሸሻ ሰነድ እንዳልነካ ከለከሉኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ የኮፒ ማሽኑ ሚስት ነኝ» ብለሽ ሳቅሽ። ቢሮው በሙሉ ሥራውን እንደ አዲስ ሲሠራ መዋሉን፣ አቶ መሸሻ በሰው ፊት «የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳትሆኚ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነው የምትመስይው» እንዳሉሽ ቆይተሽ ነው የነገርሽኝ። «ለምን ወንድሜ ነው ያበላሸው አላልሽም?» ስልሽ «ታዲያ ፌስታሉ በእግሩ ቤታችን መጣ ልበል?» አልሽኝ። የደንበኛ ሰነድ ከቢሮ ማውጣት ከማበላሸቱ የባሰ ጥፋት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ አመኔታቸውን ልመልስ ብለሽ በየቀኑ ከቢሮው ጥበቃ ጋር እኩል ነበር የምትገቢው።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ራሴን ብለሽ መጣሽ። ረቡዕ ሆስፒታል ገባሽ። ሐሙስ እኛ ብቻ ወጣን። ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው አለን። ኮሪደር ላይ ተከትዬ «ድካም ያመጣዋል ወይ? ሰው በጠዋት እየተነሳ ቢለፋ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አያመጣውም፤ ይህ በሽታ የለፋና ያልለፋ አይለይም» አለኝ። አመስግኜው ሄድኩ። በማግስቱ ግን ተመልሼ ሌላ ሐኪም ልጠይቅ አስቤ እስከ ፌርማታው ደርሻለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ሰኞ የኮሌጅ አማካሪሽ መምህርት ወለተጻድቅ ለአባዬ ደወሉ። ትምህርትሽን ሁሉ ጨርሰሻል፣ ሪፖርትሽንም በኢሜይል ልከሽላቸው ነበር፤ የቀረው ቢሮው የሚሞላው የግምገማ ቅጽ ብቻ ነው አሉ። ቅጹ እስከ ዓርብ ከገባ ስምሽ ከተመራቂዎቹ ጋር ይቀርባል፣ በምረቃው ቀን ይጠራል፣ ወረቀቱንም አባዬ ይቀበልልሻል። ካልገባ ዝርዝሩ ይዘጋል። አባዬ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ለብዙ ጊዜ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። እጁ ላይ ግን ምንም አልነበረም። «አንተ ሂድ» አለኝ። «እኔ እዚያ ቢሮ ገብቼ ባለቅስ አዋርዳታለሁ።»

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ጦር ኃይሎች ወረድኩ። ጉዲቱ እስከ ፎቁ ሥር አብራኝ መጣችና ደረጃውን ቀና ብላ አይታ «እዚህ ላይ እግዚአብሔር ይጠብቅህ፣ ጉልበቴ አይፈቅድም» ብላ ከታች ቀረች። ሦስተኛ ፎቅ በሩን የከፈተልኝ አህመድ ነው፤ አጠገብሽ የሚቀመጠው፣ አንቺ «ይሄ ልጅ ሒሳብ ባይማር ኖሮ ሰርግ ላይ ያስቅ ነበር» የምትዪው። ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቶሎ ብሎ ግን «ግባ ጎረምሳው። በጥሩ ቀን ነው የመጣኸው፤ ጋሼ መሸሻ ረፋድ ላይ ፈገግ ብለዋል፣ ሰዓቱን ጽፈን ይዘነዋል» አለኝ። ጠረጴዛሽን አሳየኝ። ማንም አልተቀመጠበትም፤ የደረሰኝ ካርቶን ተከምሮበታል። ካርቶኖቹን ሊያነሳልኝ ሲል ተዋቸው አልኩት።

አቶ መሸሻ አንቺ እንደምትዪያቸው አይደሉም። አጭር ናቸው። «ተቀመጥ» አሉኝ፤ መቆም እንደሚሻለኝ ነገርኳቸው፤ አላስገደዱኝም። ከመሳቢያቸው ቅጹን አወጡ። ሰባት መስመር አለው፤ አምስቱ ተሞልተዋል። ሰዓት በማክበር ሙሉ ነው የሰጡሽ። ባዶ የቀሩት የሥራ ጥንቃቄ እና የሰነድና የምስጢር አያያዝ ናቸው። ትልቁን ነጥብ የያዙትም እነሱ ናቸው፤ ጥንቃቄ ብቻውን ከመቶው አርባ ነው። ማለፊያው ሰባ ነው። «ጥንቃቄ ላይ ከአርባ አሥር ልሰጣት አስቤ ነበር» አሉኝ ፊት ለፊት። «አሥር ከሰጠኋት ትወድቃለች። ሰው ሁሉ ‘ምን ይጎድልብዎታል፣ ሙሉ ይስጧት’ ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ያላየሁትን ፈርሜ አላውቅም። ግን እናታችሁን ለቅሶ ላይ አይቻታለሁ።» ይህን ብለው እስክሪብቷቸውን ከፈቱና አርባ ከአርባ ሊጽፉ ጎንበስ አሉ።

ሜቲ፣ ዝም ብል ኖሮ እዚያው ነበር የሚያልቀው። ፈርመው፣ ማህተም መትተው፣ እኔም ይዤ ወርጄ፣ አባዬ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ግን ያ አርባ ለአንቺ የተሰጠ እንዳልሆነ ታየኝ። ለእማዬ የሐዘን ነጠላ የተሰጠ ነበር። አቶ መሸሻ በልባቸው «ዝርክርክ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር» እያሉ ነበር የሚጽፉት። «ደረሰኙን የለየሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሷ ታማ ነበር። ቤት ይዛ መጥታ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ ቆመ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳደረግሁ የታወቀኝ። «ቤት ይዛ መጥታ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ስንት ቀን አደረ?» ሁለት ሌሊት። «ማን ማን አየው?» እኔ እና ታናሽ እህታችን። «ታናሽ እህታችሁ ምን አደረገች?» መዋሸት አቃተኝ፤ አንዱን ደረሰኝ ጀልባ ልትሠራበት ስትል ቀምቻታለሁ አልኳቸው። አህመድ ከወዲያ በኩል ሳቁን በሳል አፈነ። አቶ መሸሻ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ያ ነጋዴ ይህን ቢሰማ ሰነዱን ሰብስቦ ይሄዳል። ልክም ነው» አሉ። ቅጹን ወደ መሳቢያው መለሱትና ቆለፉበት። «ዛሬ አልፈርምም። ሐሙስ ተመለስ።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ጉዲቱ ፊቴን አይታ የበቆሎ እሸት ገዝታ ሰጠችኝ፤ ይዤው ቤት ደረስኩ። አባዬ «ፈረመ?» ሲለኝ «ማህተሙ ሌላ ሰው ጋ ነው፤ ሐሙስ ነው የሚሰጡኝ» አልኩት። እንግዲህ ቁጠሪልኝ። አንድ ጊዜ በሥራሽ አስወቀስኩሽ፣ አንድ ጊዜ ከሄድሽ በኋላ ከሰስኩሽ፣ ሦስተኛ ደግሞ አባዬን ዋሸሁ። ረቡዕ የሒሳብ ፈተና ነበረን። ስድስት ጥያቄ ሠርቼ ወረቀቱን አስረክቤ ወጣሁ። ክፍል ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ በእግሬ ሄጄ ቤት ስደርስ ገብቼ ከማረፍ ይልቅ ዞሬ ተመለስኩ። አንዱ የታክሲ ረዳት «ጀለስ፣ ዛሬ ሦስተኛህ ነው፣ መንገዱን ልትገዛው ነው እንዴ?» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ስሄድ አቶ መሸሻ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ የደብተር ወረቀት ዘርግተው ጠበቁኝ። «መጋቢት» ይላል፤ የኔ ጽሑፍ ነው። ያን ጊዜ ደረሰኙን የጠቀለልኩበት ነበር። አገላበጡትና ጀርባውን አሳዩኝ። ለባዮሎጂ የሣልኩት የሰው ልብ ነው፣ ቀኝና ግራውን ስላሳሳትኩ መምህሩ በቀይ የሰረዙብኝ። «ይህን ያን ቀንም አይቼዋለሁ» አሉ። «የአካውንቲንግ ተማሪ ልብ የምትሥልበት ምክንያት አልገባኝም ነበር። መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ከመጠየቅ መቆጣት ይቀለኛል።» ከዚያ ኮምፒውተራቸውን ወደኔ አዞሩት። በሁለቱ ቀን ውስጥ ከዚያ ፌስታል በፊት የሠራሽውን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያዩ ነበር የከረሙት። «ሁለት ስህተት አገኘሁ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው። ሠላሳ ስድስት ይገባታል» ብለው ጻፉ።

ቀጥሎ ነጋዴው ዘንድ ራሳቸው ሄደው ሰነዱ ቤት እንዳደረ እንደነገሩት አወሩኝ። ሰውዬው ጮኸ፣ ዝርዝሩን ትቼዋለሁ አሉ። ከዚያ የማን ልጅ ናት ብሎ ጠየቀ። ስምሽን ሲሰማ «ያቺ አራት ጊዜ ደውላ ‘ይሄ ደረሰኝ የርስዎ አይደለም፣ የጎረቤትዎ ነው፣ መጥተው ይውሰዱ’ ስትል ያደረቀችኝ ልጅ ናት?» አለ። መሞትሽን ሲነግሩት ተቀመጠ። «እሷን ይቅር ብያታለሁ። እናንተን ግን አስቤበት እነግራችኋለሁ» አላቸው። እስከ ዛሬ እያሰበ ነው መሰለኝ።

በመጨረሻው መስመር፣ ሰነድና ምስጢር በሚለው ላይ አቶ መሸሻ ዜሮ ጻፉ። አህመድ ከወንበሩ ተነስቶ «አቦ ጋሼ፣ አምስት እንኳ ያድርጉላት» አለ። «ሰነድ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» አሉት። «ወጥቷል።» «እንግዲያው።» ሰባት ቁጥር ለመደመር ካልኩሌተሩን ሁለት ጊዜ መቱት። ሰባ ሁለት መጣ። አልፈሻል። ማህተሙን ካሳረፉ በኋላ ወረቀቱን ሳይሰጡኝ ትንሽ ይዘውት ቆዩ። «በሰው ፊት ነው የተናገርኳት» አሉ። «ያንን ቅጹ አይጠይቅም።» ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ፤ ሩብ ሰዓት ያህል እዚያ ተቀመጥኩ። ጥንቃቄ ሠላሳ ስድስት፣ ምስጢር ዜሮ የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሄድሽ ወዲህ ስለ አንቺ ከተባለው ሁሉ አንቺን የሚመስለው ይህ ብቻ ነው።

ቤት ስደርስ ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ የደረሰኙን፣ የዋሸሁትንም። ቅጹን በጣቱ ጫፍ ይዞ ወደ ዓይኑ እያስጠጋ አነበበ። ዜሮው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሊቆጣ ነው ብዬ በሩን ሳየው «ዜሮ?» አለና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነበር። «እኔን ነው የወጣችው። እኔም ስጀምር የሰው ጎማ ቤት ወስጄ እየጠገንኩ ስንት ተሰደብኩ» አለ። እማዬ ከጓዳ ወጥታ ምን ሆናችሁ ብላ አየችንና እሷም ሳታውቀው ሳቀች። ከዚያ ሦስታችንም አለቀስን፤ አባዬ በአማርኛም አለቀሰ።

ሰላምታ ላቅርብልሽ። እማዬ አንገትሽን አትርሺ፣ ሻርፕሽን አድርጊ ትልሻለች። አባዬ ስምሽ ሲጠራ የሚለብሰውን ኮት ላውንደሪ ሰጥቷል፤ ይስምሻል። ኢሊሊ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ከክፍሏ ሦስተኛ እንደምትወጣ ንገራት ብላኛለች፤ ገና አልታወቀም ብላት «እሷ አትናገርብኝም» አለች። ጉዲቱ ሐሙስ ከሰዓት ሆለታ ተመልሳለች፤ ስትሄድ ግንባሬን ስማ «አሁን እግርህ ያርፋል» አለችኝ፤ አንቺንም እንደዚያው ስሜሻለሁ። አህመድ ጠረጴዛሽ ላይ ያለውን ካርቶን አንስቻለሁ በልልኝ ብሏል። አቶ መሸሻ ሰላምታ አልላኩም፤ የላኩትን ነግሬሻለሁ።

የዓርብ ጠዋቱን ሳልነግርሽ ሰላምታውን አስቀደምኩ። ዓርብ እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴል ክሊኒክ ወዳለው የጽዳት ሥራዋ ተመለሰች። አባዬ ኢሊሊን አድርሶ ወደ ጎሚስታው ሄደ። ጉዲቱም የለች። ከሄድሽ ወዲህ ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም ነበር። አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ሸሚዜን ተኩሼ ለበስኩ፣ ቅጹን በፕላስቲክ ማህደር አድርጌ በሩን ቆለፍኩ። የታክሲው ሰልፍ ላይ የት ነው የምትሄደው የሚለኝ ሰው አልነበረም። የኮሌጅሽ ግቢ በር ላይ ጥበቃው መታወቂያዬን አይቶ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። የእህቴን ቅጽ ላስገባ ነው አልኩት። «እሷ ለምን አትመጣም?» አለኝ። «ሥራ ላይ ናት» አልኩትና አሳለፈኝ።

መምህርት ወለተጻድቅ ቅጹን ዳር እስከ ዳር አነበቡ። ዜሮው ላይ ቀና ብለው አዩኝ። ከታች «የተማሪው አስተያየትና ፊርማ» የሚል አራት መስመር ባዶ ቦታ አለ፤ አቶ መሸሻም እኔም አላስተዋልነውም ነበር። «ባዶ ይሁን፣ ይገባናል» አሉኝ። እኔ ግን ከበሩ አጠገብ ተራ ከሚጠብቀው ተማሪ እስክሪብቶ ተዋስኩ። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ተማሪ ሜቲ ጉዲሳ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. አርፋለች። የተሰጣት ነጥብ ይገባታል፤ ዜሮውም ጭምር። ወንድሟ ሮቤራ ጉዲሳ።» በራሴ ስም ፈረምኩበት። አርፋለች የሚለውን እስከዚያ ሰዓት ድረስ በአፌም በእጄም አላወጣሁትም ነበር። መምህርቷ ቅጹን ተቀብለው ከሌሎቹ ተማሪዎች ቅጽ መሃል በፊደል ተራሽ አስገቡት። እስክሪብቶውን ለልጁ መለስኩለት። ስወጣ ጥበቃው ጋ ደርሼ ቆምኩና ቅድም የነገርኩህ ልክ አይደለም አልኩት።

ወንድምሽ ሮቤራ

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዓለም ባንክ
ቅዳሜ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.